መምህሬን ማረም

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14
ሰፈሬ ግሮሩድ ዛሬም በረዶ። ከፋሲካ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳሞቀው ፎቁን ሁሉ አወደው... ማንም ትንፍሽ አላለም። እነዚህ ፈረንጆች!

ኮርሶቹ አልቀዋል። ለማስተርሱ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ፕሮግራሜ የእጅ ራጅ አይቶ ስብራት ይለያል፤ ከመቶ ዘጠና አራቱን በትክክል። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ቶርቢየርን ደስ ብሏቸዋል። “ቶርቢየርን ብቻ በዪኝ” ይሉኛል። አፌ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16
ራጆቹን ሳገላብጥ አንዲት ጠማማ ትንሽ ጣት አየሁ። ቅድምም አይቻታለሁ! የአንድ ሰው እጅ ፕሮግራሙ የተማረባቸው ራጆች ውስጥም አለ፣ የተፈተነባቸው ውስጥም አለ። እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ፈተናውን አስቀድሞ አይቶታል ማለት ነው... ዘጠና አራቱ ውሸት ነው።

ራጆቹን ለመማሪያና ለመፈተኛ የከፋፈለው ደግሞ ፕሮፌሰሩ የጻፉት ኮድ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17
በትክክል ከፋፍዬ እንደገና ሞከርኩት። ከመቶ ሰባ አንድ።

አምና ለተመረቀው ለነህምያ ደወልኩ።
“ማኅዲ፣ አስረክቢና ተገላገዪ። ማን ያየዋል?”
“ከውጭ የሚመጣው ፈታኝስ?”
“እሱ የት ያገኘዋል!”

የሚያስፈራኝ ግን ፈታኙ ነው? አይደለም። መምህሬን “ተሳስተዋል” ማለት ነው። መምህር ሲገባ ብድግ እያልኩ ያደግሁ ሰው... ቢከፋቸውስ? ቢጥሉኝስ? ኦገስት ላይ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ። ዲግሪው ከሌለ ሥራውም የለም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 20
በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ!

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21
ነገርኳቸው። “ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል...” ብዬ ጀመርኩ። ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አስቀምጬ ያቺን ጣት አሳየኋቸው።

ጠጋ ብለው አዩ። “በዚህ ኮድ የምርምር ጽሑፍ አሳትሜያለሁ” አሉ። ፊታቸው ነጣ። አሳዘኑኝ።

“ያገኘሽው ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?”
“መምህሬ ነዎት።”

የገባቸው አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ሜይ 15
አስረከብኩ። በሰባ አንድ።

ሐሙስ፣ ጁን 11
የቃል ፈተና። ፈታኙ፣ “ውጤቱ ፕሮፌሰሩ ካሳተሙት እንዴት እንዲህ ወረደ?” አለኝ። አፌን ሳልከፍት ፕሮፌሰሩ ቀደሙኝ። “ስህተቱ የእኔ ነበር። ያገኘችው እሷ ናት።” ሰው ፊት! በእሳቸው ፈንታ እኔ አፈርኩ፤ አቀረቀርኩ። ኋላ ግን ቀና ብዬ አስረዳሁ።

ውጤቴ “ቢ” ነው። አለፍኩ!

ረቡዕ፣ ጁን 17
ባቡር ውስጥ ኢሜይል ደረሰኝ። ከፕሮፌሰሩ። አዲስ ኮድ ጽፈዋል። “ይፋ ከማድረጌ በፊት የተሳሳትኩበት ካለ ብታዪልኝ?” ይላል። አሁን እኮ ተማሪያቸው አይደለሁም... ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ቤት ገብቼ ኮዱን አየሁት። አንድ ስህተት አገኘሁ። “ክቡር ፕሮፌሰር፣ ምናልባት...” ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት።

“ቶርቢየርን፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል።”

ሳልፈራ? ኧረ ፈርቼ። ግን ላኩት።