ቀዩን ቀቢ ያልሽኝ ቀን

ውድ ሶልፍሪድ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ከሆስፒታል የላክሽው ደርሶኛል። «አርባ ዓመት አለፈው፣ ይቅር በይኝ፤ ለልጅ ልጄ ለማረን ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት» ብለሻል። ይቅርታና አፍ ማስያዣ በአንድ ፖስታ! ድሮም እንዲህ ነሽ።

ያለፈው ላንቺ ነው። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ያን የውድድር ጠዋት ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ አዲስ በረዶ ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የእኛ ሸለቆ ሰው ከሚስቱ ይልቅ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪው ሥር ስለሚቀባው ሰም ይጨነቃል፤ ሰሙን የሳተ አንዲት ዳገት አይወጣም። ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ፣ የምንፎካከረው እኔና አንቺ። በሰም ነገር ደግሞ አባትሽን የሚስተካከል አልነበረም። እያፈርኩ መጥቼ ጠየቅኩሽ።

«አባትሽ ምን ቀባልሽ?»

«ቀዩን ነዋ! ደረብ አድርገሽ ቀቢው፣ ጉንቮርዬ። ምን ያስፈራሻል?»

ጉንቮርዬ! ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው፤ አመንኩሽ። ሁለተኛው ኪሎሜትር ላይ አዲሱ በረዶ በቀዩ ሰም እየተጣበቀ ስኪዬ ሥር ተጋግሮ እንደ ባለተረከዝ ጫማ ከፍ አደረገኝ። ቆሜ በጥፍሬ ፋቅኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ፋቅኩ። የመጨረሻ ሆኜ ስገባ ያንቺ ስኪ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሥሩን አየሁት። ሰም የሚባል ነገር አልነካውም፤ አባትሽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ብቻ ነው የሰጠሽ፤ ለዜሮ ዲግሪ መላው እሱ ነበር።

አንቺ ኖርዌይን ወክለሽ ዓለምን ዞርሽ። እኔ የመንደሩ ክለብ ሰም ቀቢ ሆኜ ቀረሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጅሽ ማረን ስኪዋን ይዛ መጣች። ለወጣቶች ቡድን የምትመረጥበት ቀን ነው። ዜሮ ዲግሪ፣ አዲስ በረዶ። አልዋሽሽም፣ እጄ ቀዩን ሰም አነሳ። እሷ ዳቦዋን በቡናማ አይብ እየገመጠች፦

«አያቴ ‹ጉንቮር የተሸነፈችው ገና ሲጀመር በርራ ስለደከማት ነው› ትላለች። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

ደሜ ፈላ። ሰርቀሽኝ ሳያንስ ሞኝ አደረግሽኝ! ግን ልጅቷ ልትነሳ ግማሽ ሰዓት ነበር የቀራት፤ ያንን ሸክም ይዛ ዳገት እንድትወጣ አልፈለግኩም።

«አዎ፣ ቸኩዬ ነበር» አልኳት። ቀዩን መልሼ ስኪዋን በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩላት። አንደኛ ወጣች። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

አሁን ውድድሯ አልቋል። እሁድ ልትጠይቅሽ ትመጣለች፤ ራስሽ ንገሪያት፣ ምንም ሳታስቀሪ። ካልነገርሻት ሰኞ ለልምምድ ስትመጣ ከእኔ ትሰማዋለች። አያቷ ስትነግራት ይሻላታል ብዬ ነው የምጠብቅሽ።

ይቅርታውን ግን ፈልጌ አጣሁት። ሐኪሞቹ ያሉሽን ሰምቻለሁ፤ እውነቴን ነው፣ አዝኛለሁ። ቢሆንም የለኝም።

ከእሁድ በፊት እንዳትሞቺ።

ጉንቮር