የምሰሶው ቅቤ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዛሬም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ ሸተተኝ። ሻጋታ ቅቤ፣ ጥቀርሻ፣ የዝንብ ክንፍ። ኡኡቴ! የባሌ እናት እማማ ጥሩነሽ የቤቱን ምሰሶ በየሐሙሱ ቅቤ ይቀቡታል፤ ቆሌው እዚያ ነው የሚያድረው ይላሉ። ካልተቀባ ይቆጣል። በአሮጌው ላይ አዲስ ይጨመራል እንጂ አይጠረግም። ሠላሳ ዓመት ሳይጠረግ!

እኛ በነቢያት ጾም ሽሯችንን ያለ ቅቤ እንበላለን። እሱ አይጾምም።

ዛሬ ደግሞ የባሰው መጣ። የእማማ እግር አብጦ መቆም አቅቷቸዋል። «ልጄ፣ ከእንግዲህ አንቺ ቀቢው» አሉኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ልብስ ላጥብ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

እንቢ አልኩ። አለቀሱ።

የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሽንኩርት እንኳ ያስመልሰኛል። እጄን እዚያ ላይ? ሞቼ ነው! «ስለ ሆድሽ እኮ ነው» አሉ። ያኔ ከጣሪያው ሣር ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። «ይኸው፣ ተቆጣ!» አሉ። «አይጥ ነው፣ እማማ። ቅቤ የለመደ አይጥ።» አማትበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ባሌ ሞገስ መጣ። ቀየት ከተማ ነው የሚያስተምረው። ሁሉን ነገርኩት። «ታመዋል፣ አትከራከሪያቸው» አለኝ። አንተ ቀባው ስለው «የሴት ሥራ ነው» አለ። የተማረ ሰው!

ነገ የእማማ የንስሐ አባት ይመጣሉ። እማማ ለልደት መቁረብ ይፈልጋሉ፤ ሳልቆርብ እንዳልሞት ይላሉ። የምሰሶውን ነገር ግን አንድም ቀን ተናዝዘው አያውቁም። «አባ እንዳያዩት ጋቢ አልብሺልኝ» አሉኝ። አለበስኩት። የሰርጌን ጋቢ! ለምሰሶ!

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

አባ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ስቡ በጋቢዬ ላይ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባ ጸበል ረጩ፤ ከዚያ ምሰሶውን ራቅ ብለው ዞሩና ከማዶ ተቀመጡ። እማማ አዩዋቸው።

«አባቴ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«ገና በጉልምስናዬ። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ አረጀሁ።»

ልወጣ ስነሣ እማማ «ተቀመጪ፣ አንቺም ስሚው» አሉኝ። ከሞገስ በፊት ሦስት ልጆች ሞተውባቸዋል። መቀባት የጀመሩት ሞገስን ሲያረግዙ ነው። ሞገስ ተረፈ። «ባቆም ይወስድብኛል ብዬ ነው» አሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሞገስም ያወቀ አልመሰለኝም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

አባ «አስጠርጊውና ትቆርቢያለሽ» አሉ። እማማ እኔን አዩኝ። ቀቢው ሲሉኝ እንቢ ያልኩ ሰው፣ ጥረጊው ስባል ምን ልበል?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ሞገስ በጠዋት ወደ ቀየት ሄደ። እኔ አስፈቅጄ ቀረሁ።

የፈላ ውሃ፣ አመድ፣ ሳሙና፣ ቢላዋ። ላዩ ይዝለገለጋል፤ ከሥሩ እንደ ሰም ደርቋል። ፀጉር አለበት፣ ትል አለበት። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ክርኔ ድረስ ገማሁ። ከሁሉም ሥር፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሦስት የሕፃን ጨሌዎች ወጡ። አጥቤ ለእማማ ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ዳሰሷቸውና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። እኔም አለቀስኩ።

«ሁሉም ወጣ?» አሉኝ።

«ሁሉም ወጣ፣ እማማ።»

አሁን እሳቸው ተኝተዋል። ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ተመስገን። እጄን ግን አራት ጊዜ ታጥቤም ያው ነው።

«ሁሉም ወጣ» ያልኳቸው ውሸቴን ነው። ከላይ፣ ምሰሶው ጣሪያውን ከሚነካበት፣ ጥፍር የምታክል ቅቤ ቀርታለች። ዱካ ላይ ብቆም እደርስባት ነበር። ዱካውን አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ሆዴን ያዝኩ። ከዚያ ዱካውን ወደ ቦታው መለስኩት።