ጦም ያደረ ማሳ የለም

ጥሩዬ፣ የኔ እመቤት፣ እንዴት ሰነበትሽ በዚያ በኩል? ጥር ሲጠባ ሙት ዓመትሽ ነው። መደብሽ እንዳለ ነው፤ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አለሚቱ ናት፤ ያቺ ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ወጥቶ የቀረባት። ካንቺ ዘንድ ፊደል ልትቆጥር ስትመጣ፣ ጣትሽ ለማጭድ እንጂ ለብዕር አልተፈጠረም ብያት ነበር። አሁን እኔ ስናገር እሷ ትጽፋለች፤ ስፈጥንባትም ቀስ ይበሉ እያለች ትገሥጸኛለች። እኔ እንደሆንሁ አልተማርሁም፣ አልማርምም። ያንቺን ሥራ ለመመስከር አፌ ይበቃል።

ሰፌድ ላይ አመድ ነስንሰሽ ሽማግሌውንም ባልቴቱንም በጣት ስታስጽፊ አይሻለሁ። የጣሊያን ሶላቶ መጣ ሲባል ሰፌዱን ማራገፍ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የለም። ፊደሉ ሲገባቸው ሒሳብ ጀመርሽ፤ መንደሩ ስንት ዘር እንዳለው ጠየቅሽ። የአውድማ እህል በአፍ ይቆጠራል እንዴ? በረከቱ እንዳይሸሽ ሁሉም «ትንሽ ናት» አለሽ። እነሱ ያሉሽን ብትደምሪው ለፋሲካም አንደርስ ነበር። ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሰፌዱን በየተራ ሰጠሻቸው፤ ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ለየቁናው አንድ ጭረት ጫረ። አፍ አልቆጠረም፣ በረከትም አልሄደ። ድምሩን እንደ ዳዊት በቃል አስያዝሻቸው።

አንቺ ባረፍሽ በወሩ፣ ለደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ጦር እህል የሚሸምቱ ሰዎች አቡጀዲ ጭነው መጡ። ይጁቤ ገበያ ጤፍ ረክሶ እነሱ የተሻለ ይሰጡ ነበርና ወንዱ ሁሉ ጎተራውን ሊገለብጥላቸው ተነሣ። ዘሩ ከሄደ መንደሩ መፍረሱ ነው። አለሚቱ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው መሐል ቆማ ለቀለብ ይህን ያህል፣ ለዘር ይህን ያህል ብላ አስረዳች። የሰማት አልነበረም። በመጨረሻ፣

«ዛሬ ጤፉን በአቡጀዲ ብንለውጥ፣ ሐምሌ ላይ አቡጀዲ እንዘራለን?» አለች።

ይህን ስትጽፍ አፍራለች፤ እኔ ግን ጻፊ ብያታለሁ። ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ሌላውም ተከተለ። ሸማቾቹ ጨርቃቸውን እንደ ጫኑ ተመለሱ። እኛም ዘሩን በየጉድጓዱ ቀበርነው።

ግንቦት ላይ ሶላቶ መጣ፤ አርበኛ ቀልባችኋል ብሎ ጎተራችንን አነደደው። ካንዳንዱም ቤት ጉድጓዱን አግኝቶ ዘረፈ። ተማሪዎችሽ ለማን ምን እንደ ተረፈ፣ ለማን ምን እንደ ጎደለ እዚያው አመዱ ላይ አሰሉት። ያለው ለሌለው ሰፈረ።

ስሚኝ ጥሩዬ፤ ሐምሌ ላይ በዚህ መንደር ጦም ያደረ አንድ ማሳ የለም። አሁን ኅዳር ነው፣ ጤፉ ፍሬው ከብዶት ተኝቷል። ጣሊያን ዛሬም ደብረ ማርቆስ ተቀምጧል፤ እኛም አልተራብንም፣ አልተበተንንም።

ወሬው ተሰምቶ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት አስተማሪ ስጡን ብለው ላኩብን። አለሚቱን ከበቅሎዬ ላይ አስቀምጬ፣ ልጓሙን ራሴ ይዤ በእግሬ እወስዳታለሁ። ሽማግሌው ሴት ጭኖ ይጎትታል ብሎ የሚስቅ ይሳቅ። ማን አስተማራት ሲሉኝ ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቼ፣ ሚስቴ ናት እላለሁ። እስክከተልሽ ድረስ፣ በደረስሁበት ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ።