ስም ያዦች

ጥቅምት 8
ዛሬም ልስን። በጦርነቱ በቦምብ ከፈረሰው የአሠሪዬ የጃማዕ ቤት አንዱን ክፍል ጨረስኩ። ጣሪያው ግን ገና ነው፤ አናጺው ከበደ ሰሞኑን ከሥራ ቀርቷል። አሞት ይሆን? እንግዲህ ነገ ይመጣል... ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ከሲሚንቶው ጋር ነው ማለት ይቻላል። ሻይ ጠጥቼ ገባሁ።

ጥቅምት 10
ከበደ ሞቷል። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት አከራዩ ወይዘሮ ዓናብ በሩን ቢያንኳኩ፣ ቢያንኳኩ ዝም። ጎረቤት ጠርተው ሲያስከፍቱት አልጋው ላይ ነው። ትኩሳት ነው አሉ።

ጃማዕ ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር ወዲያ፣ ለእኛ ለስደተኞቹ መቀበሪያ ቦታ አስፈቀደልን። ዓናብ ጨርቅ ሰጡ፤ እንደ እናት አለቀሱለት። የተሸከምነው እኔ፣ ከጎኔ ክፍል የተከራየው ሲሳይ፣ ጃማዕና ጅግጅጋ የሚመላለሰው ሹፌር አቡበከር ነን። ሁለቱ እስላሞች እንደ እምነታቸው ጸለዩ። እኔና ሲሳይ ግን ከአባታችን ሆይ ሌላ የምንለው አልነበረንም። አፈርኩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። እዚህ ቄስ የለም፤ አቡበከር ነገ ድንበር ተሻግሮ ጅግጅጋ ስለሚሄድ ለቄሱ ነግሮ ፍትሐት እንዲያስደርግለት ለመንነው። እትዬ ወርቅውሃ፣ አየር መንገድ ለሚሠራ ሰው ቤት ምግብ የምታበስለው፣ "የክርስትና ስሙን ማን ያውቃል?" አለች። አንዳችንም አናውቅም። ስንት ጊዜ አብረነው ሠርተናል! ያለ ክርስትና ስሙ እንዴት ይፈታል? ግን ማን ይጠይቃል... መተት ይሠራበታል፣ ለማንም እንዳትናገር እየተባልን ነው ያደግነው። እሱም ለማንም አልተናገረም። ይዞት ተቀበረ።

ጥቅምት 12
አቡበከር ተመለሰ። ቄሱ "ስሙን እግዜር ያውቀዋል" ብለው ጸሎት አደረጉ አለ። ይሁን። አንጀቴ ግን አልራሰም።

ጥቅምት 21
እትዬ ወርቅውሃ ሰበሰበችን። ማኅበር እናቁም አለች። የታመመ ይጠየቅ፣ የሞተ ይቀበር፣ ሥራ የፈታ ይብላ። እስከዚህ ድረስ የአገር ቤቱ እድር ነው። ቀጥላ የራሷን ጨመረች፦ እያንዳንዱ የክርስትና ስሙን ለአንድ ሰው ብቻ፣ በጆሮው ይንገር። አይጻፍ። የሰማው ሰው ስም ያዥ ነው፤ ቀን ሲደርስ ለቄስ የሚያደርሰው እሱ ነው።

አቡበከርም ልግባ አለ። "እኔ የምደብቀው ስም የለኝም፤ መኪና ግን አለኝ" ሲል ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ሰዉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ጥግ ጥጉን ያዘ። ሹክሹክታ። እኔን ማንም አልጠራኝም። ማንንም አልጠራሁም። ውኃ የጠማኝ መስዬ ወጣሁ... ይሄን ያህል ለምን ከፋኝ? የምን ልጅነት ነው?

ኅዳር 6
ከሥራ ስንመለስ ሲሳይ መንገድ ላይ አቆመኝ። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ልንገርህ አለኝ።

"ለምን ለእኔ?"

"የምታወራለት ሰው የለህማ፣ ኪዱ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወጋኝ። እውነቱን ነዋ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ነገረኝ። ደስ የሚል ስም ነው። እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።

ያንተስ ብሎ ጠበቀኝ። አፌ ላይ መጣ... ከእናቴ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ የለም። እሷም ከሞተች ቆየች። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ታኅሣሥ 17
ዓናብ ሳይቀሩ አሁን "የማኅበሩ ሰዎች" ይሉናል። ሰው ቤት የምትሠራው ዶርቃ ታማ ተራ በተራ አስታመምናት። ዳነች። ከበደ ይህን ሳያይ... ማኅበሩን ያቆመው እኮ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ለሲሳይ ስሜን ዛሬም አልነገርኩትም። ሲመጣ ወሬው ሌላ ይሆንና ያልፋል።

ጥር 3
ሲሳይ የለም። ክፍሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፍራሹም የለም። አቡበከርን ብጠይቀው ቦሳሶ ወደብ ሄዷል አለኝ። ከዚያ በጀልባ የመን። ያልነገረኝ አትሂድ እንዳልለው ይሆን? ወይስ እንደማልለው አውቆ?

ስሙን ትቶልኝ፣ የእኔን ሳይወስድ ሄደ።

የካቲት 19
ወሬ የለም። የሲሳይን ክፍል ሌላ ሰው ተከራየው። ግድግዳውን አልፎ ሳል ሲሰማ እሱ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

መጋቢት 11
ከቦሳሶ የተነሣች ጀልባ ሰምጣለች ይላሉ። የእሱ ትሁን አትሁን የሚያውቅ የለም። የተረፈም አለ አሉ፣ የለምም አሉ።

እትዬ ወርቅውሃ አስጠራችኝ። ስም ያዡ አንተ ነህ፣ ጅግጅጋ ሄደህ ስሙን ስጥ አለች። "ለፍትሐት?" አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች።

መጋቢት 14
ጅግጅጋ፣ የአቡበከር አክስት ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

የድንበሩን ከተማ ቶጎ ውጫሌን ካለፍን በኋላ መኪናው ውስጥ የክርስትና ስሜን ለአቡበከር ነገርኩት። እንዲሁ፣ ሳላስበው ወጣ። መንገዱን እያየ ደገመው። ተሳሳተ፤ አረምኩት። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ በከንፈሩ ሲለው ነበር። "ኢንሻአላህ አልረሳውም" አለኝ። ሰው በዚያ ስም ሲጠራኝ መስማት እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል...

ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። አቡበከር ውጭ ጠበቀኝ። ቄሱን ከመግባታቸው በፊት አገኘኋቸውና የሲሳይን ስም ነገርኳቸው። "የሕያው ነው የሙት?" አሉኝ።

መንገዱን ሁሉ የፈራሁት ይህን ነበር። የሙት ካልኩ በገዛ አፌ ገደልኩት። የሕያው ካልኩና ባሕሩ ወስዶት ከሆነስ? እሱም እንደ ከበደ በስሙ ሳይፈታ ሊቀር ነው። ይህን ሳልጨርስ ቄሱ "ልጄ፣ ሰዓት ደረሰ" አሉኝ።

"የሕያው ነው፣ አባቴ" አልኩ።

ስሙ ከሕያዋኑ ጋር ተጠራ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሜን አልኩ።