በታይምስ ኒው ሮማን መጠን 12 የጠፋው ማመልከቻዬ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ምንይሉ
የቀበሌያችን የሣር አጨዳ መዝገብ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ በቅርቡ ቆርቆሮ ያለበሱት ቤትዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ጉዳዬን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው ከሥሩ ልጀምር። ቤት የምንከድንበት የጓሳው ሣር ዘንድሮ የሚታጨደው ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ለአምስት ቀን ብቻ ነው። ማጭድ ይዞ የሚገባውም ስሙ እስከ ዓርብ ቀትር መዝገብዎ ላይ የሰፈረ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ተመዝግቦ የነበረው ባለቤቴ ፈንታ ነበር። እሱ ሲያርፍ ስሙን ሳትውሉ ሳታድሩ ሰረዛችሁት፤ የእኔን በቦታው ለማስገባት ግን ማመልከቻ ያስፈልጋል ተባልኩ። የቤታችን ክዳን ከተለወጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አምና ክረምት የአማቴን የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን መኝታ ፍሳሹን እየሸሸን አራት ጊዜ አዛውረናል፤ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ሳላቸውም እስከ ጥቅምት አልለቀቃቸውም። ከእንግዲህ የሚዛወሩበት ደረቅ ቦታ የለም። ሣሩን ዘንድሮ ካላገኘሁ ክረምቱን የሚያድሩት ውኃ ላይ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በእጄ ጽፌ ያመጣሁትን ማመልከቻ ገልጠው ሳያዩ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በርዎ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ማንኛውም ማመልከቻ በኮምፒዩተር፣ በታይምስ ኒው ሮማን ፎንት፣ በመጠን 12 ተጽፎ በፍላሽ ይቅረብ ይላል፤ እኔ ደግሞ ስለ ሣር የምጠይቅ መስሎኝ ስለ ፎንት ሳላስብ መጣሁ።

2ኛ. ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምትሠራው ራህማ፣ እጇ ይባረክና፣ ደህና አድርጋ በአማርኛ ፎንት ጻፈችልኝ። ጸሐፊዎ እየሩስም ከፍታ አይታው “እትዬ ጌታነሽ፣ ጽሑፉስ ያምራል፣ ፎንቱ ግን መመሪያው ያለው አይደለም” ብላ መለሰችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ያዘዟትን ነው የሠራችው።

3ኛ. ወደ ራህማ ተመለስኩ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች መርጣ ከፎንቱ ዝርዝር ታይምስ ኒው ሮማን የሚለውን ነካች። ዓይኔ እያየ አማርኛው ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ሠረዝ፣ የጥያቄ ምልክትም ሆነ፤ የሟች ባለቤቴ ስም እንኳ በመቶኛ ምልክት ጀመረ። ራህማ “ይሄ የፈረንጅ ፎንት ነው፣ እኛ የምንጽፍበት የድሮው የአማርኛ መጻፊያ በራሱ ፎንት ካልታየ አይነበብም፣ ይህንንማ ይዘው አይሂዱ” ብላኝ ነበር። እኔ ግን መመሪያ አክባሪ ነኝና ይዤ ሄድኩ። እየሩስ የፎንቱን ስም አየች፣ መጠኑን አየች፣ “አሁን ተሟልቷል” ብላ ተቀበለችኝ።

4ኛ. ሰኞ ዕለት በፊርማና በማኅተም የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ “ማመልከቻው ከአማርኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የቀረበ በመሆኑ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ ይቅረብ።” ክቡርነትዎ፣ አማርኛ ሆኖ ሲመጣ ፎንቱ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ፤ ፎንቱ ሲሆን ደግሞ አማርኛነቱ ቀረ። ተርጓሚ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ ደርሼ እስክመለስ ዓርብ ያልፋል። ብሄድስ፣ ተርጓሚው የየት አገር ቋንቋ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?

መመሪያውን ያገኙት በእንግሊዝኛ ከጻፉት የመመረቂያ ጽሑፍዎ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። ራህማ ግን በርዎ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ቆማ አየችውና እሱም በድሮው አማርኛ ፎንት፣ ያውም በመጠን 16 የተጻፈ ነው አለችኝ። በራሱ ትእዛዝ ቢጻፍ ኖሮ መመሪያ መሆኑንስ ማን ያውቅልዎ ነበር?

ቀልዱን እዚህ ላይ ልተው፤ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። ማመልከቻዬ አልጠፋም፣ እየሩስ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳለ አለ። እንደ እኔ ባዕድ የሆኑ የስድስት ቤት ማመልከቻዎችም አብረውት ተቀምጠዋል። ጽሑፉን መምረጥና ከዝርዝሩ የአማርኛውን ፎንት መንካት ብቻ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ትናንት ራህማ ጋ ቁጭ ብዬ ራሴ ሠራሁት። እየሩስም ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ያለ ኃላፊው ፈቃድ ፎንት አልነካም ትላለች። የምለምነው ያንን ፈቃድ ነው። አማቴ ወደ ሰማይ እያዩ “ሣሩ መቼ ነው?” ሲሉኝ ስለ ፎንት የምነግራቸው ነገር የለኝም።

ለጤናዎና ለወንበርዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጣሪያዬ እስኪያፈስ ድረስ አክባሪዎ ሆኜ የምቆይ፣

ጌታነሽ ትዕዛዙ
የፈንታ ባለቤት፣ ያልተመዘገበች

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ራህማ በሁለት ዓይነት አዘጋጅታዋለች። በአማርኛ ፎንት በመጠን 18 የታተመው ዛሬ ጠዋት እዚሁ ቀየት፣ ገበያው መግቢያና ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰው ቆሞ እያነበበው ነው። ለእርስዎ በፍላሽ የላክሁት ግን መመሪያዎን በማክበር በታይምስ ኒው ሮማን በመጠን 12 ነው። ስለዚህ ምን እንደተጻፈልዎ እስካሁን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማወቅ ከፈለጉ እየሩስ ፎንቱን እንድትነካ ይፍቀዱላት፤ እግረ መንገዷን የሰባታችንንም ታነባለች።