አባባ ምላሳቸውን መፋቅ ለምን ተዉ?

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ከነመርፌና ክሩ ደህና ነው ወይ? ልጅሽስ? እኔ ሥራው ቢከብደኝም ለጤናዬ ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ግን ተይው፣ ወረቀት አይበቃውም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ እጠይቅሽ ነበር። ዛሬ ግን ስለ አባባ ብቻ ነው የምጽፍልሽ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ስትጨርሺ ግን እንዳትቀመጪ።

ባለፈው የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጋዛቸውን ብትደብቂባቸው አባባ አኩርፈው ማነጋገር እንደተዉሽ፣ ምግብ ስታቀርቢ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ የቀመሱትንም እንደሚተፉት ነግረሽኛል። “እልሃቸው እስኪበርድ ልተዋቸው” ብለሻል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለቀልድ ብለሽ፣ ምላሳቸውን መፋቅ ስለተዉ የሚቀሰቅሰው አጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ እንደሚያረፍድ ጻፍሽ። እኔም ስቄ ነበር። ያቺን ከአሮጌ መጋዝ ቆርጠው፣ ሞርደው ያለሰለሷትን የምላስ መፋቂያ ብረት ይዘው በየማለዳው ጓሮ ቆመው “ኻ! ኽርር!” ሲሉ ታወሰኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ሰፈሩ መንጋቱን የሚያውቀው በሳቸው ጉሮሮ አልነበር እንዴ! አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያንገበግበኛል።

ምን መጣ መሰለሽ? እዚህ በመጦሪያው ከምንንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱን “ኩርፌ” ብለን ስም አውጥተንላቸዋል። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ መናገር አይሆንላቸውም። ማንኪያ ሲያዩ ጥርሳቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ አፋቸውን ላጸዳ ስል እጄን ይገፉታል። ሁላችንም አመል ነው አልን። ከትናንት ወዲያ አለቃዬ ነርሷ፣ ኮስታራ ናት፣ ስትገባ ግድግዳው ራሱ ቀጥ ይላል፣ “ምላሳቸውን አይተኸዋል?” አለችኝ። ባትሪ አበራች፣ አገጫቸውን እየደባበሰች አባብላ አስከፈተቻቸው፣ ምላሳቸውን በስስ ጨርቅ ይዛ ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። እትዬ፣ ከጎኑ፣ ከፊት ለፊት በማይታይበት ቦታ፣ ጠርዙ የነጣ ቁስል ተኝቷል። የተሰበረ ጥርስ ሲፈገፍገው ከርሟል። ሰውዬው አላኮረፉም፣ አሟቸው ነው እንጂ! እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

የጥርስ ሐኪሙ ስለታሙን ጥርስ ሞረደላቸው፣ ከቁስሉም ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ገና አልመጣም። “ምላስ ቶሎ የሚያገግም ሥጋ ነው። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ግን ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም፣ ክፉ ነገር ሊሆን ይችላል” አለን። ይህን ሲል የአባባ ነገር መጣብኝ። አባባ እኮ በትኩሳትም በሐዘንም ቀን ያቺን ብረት ጥለው አያውቁም! ቢያኮርፉ አንቺን ያኮርፉ፣ ምላሳቸው ምን በደላቸው? አንቺ ከጻፍሽልኝ ራሱ ወር አልፎታል።

ምንም ላይሆን ይችላል። ብረቷ ቧጭራቸው ብቻ ይሆናል፤ ፈጣሪ ያንን ያድርገው። ግን በግምት አንቀመጥ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” እያሉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ሲሆን ግን እንኳን ለአንቺ ለትራሳቸውም አይናገሩም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ የምላሳቸውን ጎንና ሥር በደንብ እዪ። የነጣ፣ የቀላ፣ የጠጠረ ነገር ካየሽ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰጃቸው። ባታዪም ውሰጃቸው። መጋዙን መልሺላቸው፣ አንቺ እያየሻቸው ይያዙት፤ የምትደበቀው ያቺ ብረት ናት። ሲሻላቸው በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ እያሉ ይጥረጉት፣ በውኃም ይጉመጥመጡ። ምላስ ሳንቃ አይደለም፣ አይላግም በያቸው። አናጺ ናቸውና ይገባቸዋል።

እትዬ፣ አንቺን መውቀሴ እንዳይመስልሽ። እኔም አጠገባቸው ብሆን ኖሮ “አኮረፉ” ብዬ ነበር የማልፈው። ፈርቻለሁ፣ ሌላ አይደለም። እዚህ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ የሳቸው ፊት ነው።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፣ የሰፋልኝ ኮት እስካሁን አንድ ቁልፍ አልጣለም። ወሬኛዋን ልጅሽን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችንም ለሁሉም ሰላምታዬ ይድረስ፣ በጊዜ ይነሱ።

የአባባን ሰላምታ ግን በቃል አታድርሺልኝ። ልጆች ሆነን ምላሳችንን ስናወጣባቸው የእንጨት ፍቅፋቂ እየወረወሩ ግቢውን ሲያሯሩጡን፣ ሲደክማቸው ደግሞ ቆም ብለው እሳቸውም ምላሳቸውን አውጥተው ሲመልሱልን ትዝ ይልሻል? ፊት ለፊታቸው ቁጭ በይና ምላስሽን አውጪባቸው። “ልጅዎ የላከው ነው” በያቸው። መመለሳቸው አይቀርም። ያኔ ባትሪውን አብሪ።

ወንድምሽ፣
ከሠራተኞች መኝታ ክፍል
ኅዳር 12 ቀን