ከሞትክ በኋላ የተመዘገቡብህ ሦስት ጥፋቶች

ውድ ልጄ፣

ስልክህን እስካሁን አላጠፋሁትም። እህትህ «እማ፣ ለማን ነው ቻርጅ የምታደርጊው?» ትለኛለች። «ለራሱ» እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ አትጨምርም፤ ጸባዬን ታውቀዋለች።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስተኩስ ስልክህ ጮኸ። ካውያውን አስቀምጬ አነሳሁት። መልእክት ነበር። መነጽሬን ፈልጌ አንድ በአንድ አነበብኩት። «ክቡር አሽከርካሪ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር ጥፋት ሦስት የቅጣት ነጥብ ተመዝግቦብዎታል። ጠቅላላ ነጥብዎ ዘጠኝ ደርሷል። ዝርዝሩን በድረ ገጻችን ይመልከቱ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተቆጣሁት አንተን ነው። «ምን አባቱ ያስቸኩለዋል ይሄ ልጅ?» አልኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ነገሩ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከቀበርንህ አራት ወር ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ያቺን ቃል ለመናገር የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ግን አንተ በሆነ መንገድ ላይ መሪ ጨብጠህ ነበርክ። ለዚያች ቅጽበት ስል ያንን መልእክት የላከውን መሣሪያ ልመርቀው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ንዴቴ መጣ። እስካሁንም አልሄደም።

እህትህ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ አስቀመጥኳት። ድረ ገጹ የፈቃድ ቁጥርና የልደት ቀን ይጠይቃል። ቁጥሩን ከመንጃ ፈቃድህ ላይ አነበብኩላት፤ ሆስፒታሉ ከልብስህ ጋር በላስቲክ አድርጎ የመለሰልኝ ነው። የልደት ቀንህን ለመናገር ምንም ማየት አላስፈለገኝም። ቀጥሎ የምስጢር ቁጥር ወደ ስልክህ ላኩ፤ ጮኸ፤ እሱንም አነበብኩላትና መዝገብህ ተከፈተ።

ከላይ ፎቶህ አለ። ከሥሩ «የማሽከርከር መብቶች» ይልና እንድትነዳቸው የተፈቀዱልህ ተደርድረዋል፤ አውቶሞቢል፣ መካከለኛ ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ባለ ተሳቢ። እያንዳንዱ ቀን አለው። የባለ ተሳቢውን ቀን ሳየው ሁለት ጊዜ ወድቀህ በሦስተኛው ማለፍህ ትዝ አለኝ። ወደ ኋላ ማስገባቱ ነበር ያቃተህ። የልብስ ስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የክር ሣጥኖች በሲባጎ አያይዘህ ወደ ኋላ ስትገፋ ሳምንት ሙሉ ሥራ አስፈታኸኝ። «እማ፣ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሪው ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ልክ እንደ እህቴ» ትል ነበር።

በጎኑ «ሁኔታ፦ ጸንቶ የሚሠራ» ይላል። ገና አራት ዓመት ይሠራል። አንተ በሌለህበት ፈቃድህ አራት ዓመት ዕድሜ አለው።

እህትህ ገጹን ወደ ታች አወረደችና ጣቷን ማያው ላይ አሳረፈች።

ሦስት ጥፋት ነበር። አንደኛው በሞትክ በሃያ ሁለተኛው ቀን፤ ሁለተኛው በሃምሳ አንደኛው፤ ሦስተኛው በመቶ አሥረኛው። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ ደግሜም ቆጠርኳቸው። ሦስቱም ከፍጥነት በላይ፣ ሦስቱም አንተ ትነዳት በነበረችው መኪና ሰሌዳ። ሦስተኛው «ትምህርት ቤት አካባቢ፣ በአርባ ክልል ሰማንያ ሦስት» ይላል።

አንተ! እንቁላል ጫኙ! ጓደኞችህ «እንቁላል ጭነሃል እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉብህ ያ ስም ተጣብቆብህ የቀረው አንተ። «አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ፤ አንድም ቅጣት የለብኝም» ስትለኝ ሰማይ የነካሁ ያህል የምኮራብህ ልጄ። በአልጋ ላይ ስድስት ሳምንት ተኝተህ፣ ልብህ አልሠራም ብሎ ሲለይህ እንኳ ማንም ላይ ሳትደርስ ነበር የሄድከው።

በማግሥቱ ወረቀቱን አሳትሜ ትሠራበት ወደነበረው የመኪኖች ግቢ ሄድኩ። ስምሪት ኃላፊው፣ ያ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካው ሰውዬ፣ ወንበር ሳበልኝ።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

ወረቀቱን ፊቱ አደረግኩለት። አየው። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው።

«ይሄ እንኳን… የአሠራር ጉዳይ ነው።»

«የምን አሠራር?»

«ካሜራው የሚያነሳው ሰሌዳ ነው፤ ሹፌሩን አያውቅም። ማን ነበር የነዳው ብለው ይጽፉልናል። እኛ የሹፌሩን የፈቃድ ቁጥር ሞልተን እንመልሳለን።»

«እና የልጄን ሞላችሁ።»

«እስቲ ይረጋጉ። እሱን ምን ይጎዳዋል? የሞተ ሰው ፈቃድ አይነጠቅም። ያሉት ግን እንጀራቸው ነው፤ ልጆች አሏቸው።»

«እኔም ልጅ አለኝ» አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ግቢው ሲያይ እኔም ዓይኑን ተከትዬ አየሁ። መኪናህ ቆማለች። ከጋቢናዋ የሚወርደው ያ ድምፀ ትልቁ ጓደኛህ፣ ጡሩምባ የምትሉት፣ ነበር።

ጡሩምባን ላንተ አልነግርህም፤ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ግን አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ሳጥንህን ከቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ፣ ሳልጠይቀው ቧንቧዬን እያጠበቀ፣ ድምፁን ቀንሶ ለመናገር እየሞከረ፣ እያቃተው፣ ስንት ጊዜ ካቀረብኩለት ማዕድ በልቶ ተነሥቷል። ለካ በዚያው ሳምንት የፈቃድ ቁጥርህን በራሱ ፈንታ ይሰጥ ነበር።

ወጣሁና ጠበቅሁት። እንዳየኝ ከሩቅ «እማዬ! ማን አመጣልኝ!» ብሎ ግቢውን አናጋው። ወረቀቱን ሲያይ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አልቆሸሸም ነበር።

«እማዬ፣ አንዲት ጥፋት ብቻ ነበር የቀረችኝ። ብትጨመርብኝ ፈቃዴን ስድስት ወር ይነጥቁኛል። ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«እሱ ቢኖር እኮ ራሱ ነበር ‹በኔ አስይዘው› የሚለኝ። እሱን አታውቂውም?»

ይህቺ አመመችኝ፤ ምክንያቱም አንተ ልትለው ትችል ነበር። ያንተ ልብ እንደዚያ ነው።

«ይልህ ይሆናል» አልኩት። «ግን አላለህም። ሰው ሳይሰጥ የሚወሰድ ነገር ምን እንደሚባል እናትህ አስተምራሃለች። ሦስተኛውን አንብብልኝ።»

«እማዬ፣ ተይኝ…»

«አንብብ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።» ይዤ ነበር።

«ትምህርት ቤት አካባቢ።»

«ስንት መሄድ ነበረብህ?»

«አርባ።»

«ስንት ሄድክ?»

ወረቀቱን አጠፈው።

«የሰው ልጅ ብትመታ ኖሮ ማን ነበር የመታው? የኔ ልጅ? ከመቃብሩ ተነሥቶ?»

ጡሩምባን ዝም ሲል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላችን አንድ መካኒክ መፍቻውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሥራውን ትቶ መሬት መሬት ያያል። ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ልጄ። ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔን ሲያዩኝ እየተነሡ ወንበር የሚለቁልኝ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወደ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አራተኛው መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ልጅ እግር ነው፤ ክፉ አልነበረም፤ ግን ንግግሩ ልክ እንደ ማሽኑ ነው።

«ቅሬታ የሚያቀርበው ባለፈቃዱ ራሱ ነው፣ እናቴ። በአካል።»

«ሞቷል እኮ።»

«በኛ መዝገብ በሕይወት አለ።»

«የሞት የምስክር ወረቀቱ ይኸው።»

አገላብጦ አየው። «አራት ወር ሊሞላው ነው። ለምን አላስመዘገቡም?»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝልህ። ቅጹን ባንተ ቀብር ሳምንት እህትህ አምጥታልኝ ነበር። «ሞቱ ሲመዘገብ የማሽከርከር መብቶች በሙሉ ይሰረዛሉ» ይላል። «በሙሉ» የምትለዋን ቃል ማለፍ አቃተኝ። አጥፌ የመርፌ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ባንክ ዘጋልህ፣ መሥሪያ ቤትህ ስምህን ፋቀ፣ የሆነ ቦታ ላይ እንኳ «ጸንቶ የሚሠራ» ተብለህ ብትቀር ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። የጎዳውን አየሁት። በሩን ክፍት የተውኩላቸው እኔ ነኝ። ጡሩምባን ስሰድብ ይህን እያወቅሁ ነው፤ ቢሆንም በር ክፍት ነው ተብሎ አይገባም።

ጸሐፊው አስረዳኝ። ሞትህን ብቻ ካስመዘገብኩ ፋይልህ ከነዘጠኙ ነጥብ ይዘጋል። ነጥቡ የሚነሳው በእውነት የነዳው ሰው መጥቶ ከፈረመ ብቻ ነው።

«ቀኑን አታየውም? የሞተ ሰው ይነዳል?»

«እኔማ አያለሁ። ሲስተሙ ግን ነጂ ይፈልጋል።»

ለጡሩምባ አልደወልኩለትም። መካኒኩን ላክሁበት። «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ አራተኛው መስኮት። ካልመጣህ ከዛሬ ጀምሮ የኔን ደጃፍ እንዳትረግጥ» በልልኝ አልኩት። የስምሪት ኃላፊው ልኮብኝ «ነገሩን በሽምግልና እንጨርሰው» አለ። ሽማግሌው መቃብር ድረስ ሄዶ አንተን ጠይቆ ከመጣ እስማማለሁ ብዬ መለስኩለት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት አልመጣም። ሦስት ተኩል ሆነ። እህትህ «እማ፣ እንሂድ» አለችኝ። ለአራት ሩብ ሲቀር መጣ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ ለቀብርህ የለበሰውን ኮት ለብሶ። ሰላም ሳይለኝ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሦስቱንም ፈረመ። ጸሐፊው ፈቃዱን ተቀበለውና መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ስድስት ወር።

ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አልኩት። «ስችል እልክብሃለሁ።»

በአውቶቡስ ሄደ። ሚስቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ግን አንገቴን አልደፋላትም። ቤቱ ምን እንደሚበላ አስባለሁ፤ ደግሞም ያንን ትምህርት ቤት አስባለሁ።

አሁን የምነግርህ ለምን ይህን ደብዳቤ እንደጀመርኩ ነው።

ጸሐፊው ሦስቱን ጥፋቶች ካነሳ በኋላ ፋይልህን ለመዝጋት ሙሉውን መዝገብ ከፈተ። በድረ ገጹ ላይ የሚታየው የመጨረሻው ሦስት ዓመት ብቻ ነው ለካ። «እናቴ፣ አንዲት ሌላ አለች» አለ።

«የማን ተንኮል ነው ደግሞ?»

«የቆየች ናት። ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ነጥቧም ጊዜው አልፎበታል። ‹መኪና ማቆም በተከለከለበት ቦታ፣ ከድልድዩ ሥር፣ አርባ ደቂቃ።› ከፈለጉ ማመልከቻ ይጻፉና አብሬ ላንሳት፤ ሲዘጋ ንጹሕ እንዲሆንልዎ።»

«በካሜራ ነው?»

«አይደለም፤ ትራፊክ ነው የጻፈው። ሹፌሩም አምኖ ፈርሟል።»

ማያውን ወደኔ አዞረው። ፊርማህ ነበር። ያቺ ጅራቷን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የምትስባት ፊርማህ፤ አስተማሪህ ስንት ጊዜ የቀጣህባት።

አንድም ቅጣት የለብኝም ያልከኝ! ዓይንህን ሳታሽ! ለጎረቤት ስንቴ ተናግሬአለሁ፤ ሰው ፊት ስንቴ አስምለኸኛል። እዚያው መስኮት ላይ ቆሜ ጆሮህን ልይዝህ እጄ ተነሣ።

እህትህ «እማ፣ ታነሳት?» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «ያቺ የልጄ ናት። ትቆይ።»

ከዚያ ቅጹን ፈረምኩ። መብቶችህ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ፤ ባለ ተሳቢው መጨረሻ ላይ ጠፋ። ጸሐፊው የፈቃድህን ጥግ በመቀስ ቆርጦ መለሰልኝና «አብቅቷል» አለኝ።

ሦስት ቀን ሆነኝ፤ አርባ ደቂቃ ከድልድይ ሥር ምን ታደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ። መኪናዋ ተበላሽታ እንዳልል ጥፋትህን አምነሃል። ማንን ትጠብቅ ነበር? መጣችልህ? ወይስ ደክሞህ ውኃ ታይ ነበር? ሃያ አምስት ዓመትህ ነበር፤ እቤት ስትገባ እራትህን አቅርቤ ቀኑ እንዴት ነበር ብዬህ «ምንም» ብለኸኝ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት የማውቅህ መስሎኝ ነበር። አሁን ያንተን የማላውቃት አርባ ደቂቃ አገኘሁ፤ ማንም በቁጥርህ ያላጻፋት፣ ራስህ የቆምክባት።

በሚቀጥለው እሑድ ከእህትህ ጋር ወደ ድልድዩ እንሄዳለን። ቦታው መኪና አይቆምበትም አሉ። እኔ በእግሬ ስለሆንኩ የሚከለክለኝ የለም፤ አርባውን ደቂቃ እቆማለሁ።

በሌላው ሁሉ የረካችብህ፣ ስለ ዋሸሃት ግን ገና ያልለቀቀችህ
እናትህ